ቆርቆሮው ይበሳ በይ

ይድረስ ለእኅቴ ለሥራነሽ፤ ባለሽበት በአማን ከተማ።

እታለም፣ እንዴት ከርመሻል? ጤናሽስ? ወገብሽን ተሻለሽ ወይስ አሁንም ጎንበስ ስትዪ ይይዝሻል? የምታስታምሚያት አሮጊትስ አሁንም ደረጃ ለደረጃ ደግፊኝ እያለች ታደክምሻለች ወይስ እግዜር ራርቶልሽ ምድር ቤት ተቀመጠች? እንቅልፍ ትጠግቢያለሽ? እህል ይበላልሻል? ብርዱስ እንዴት ነው? አረብ አገር ሁሉ ሐሩር ነው ሲሉን አምነን ነበር፤ እዚያም በረዶ ይጥላል ብለሽ የነገርሽን ቀን እማ «እኔን ልጄን፤ የቾቄን ተራራ ብርድ ሸሽታ ሌላ ቾቄ ውስጥ ገባች» ብላ ቀኑን ሙሉ ከፍቷት ዋለች። ይህን ሁሉ በስልክ ጠይቄሽ ለሁሉም «ደህና ነኝ» ብለሽኛል። በስልክ የሚባል ደህና ነኝ ግን እንደማይታመን ከራሳችን ቤት ተምሬአለሁና እንደገና በወረቀት እጠይቅሻለሁ።

እኛ ቤተሰቦችሽ፣ እኔ ወንድምሽ ክንዴ፣ ባለቤቴ አይናለም፣ ልጃችን አመተ ሥላሴ፣ ከብቶቹም ሳይቀሩ፣ መድኃኔዓለም ይመስገን አለን። «ከናፍቆትሽ በቀር ደህና ነን» ብዬ ልጀምር ብዕሬን አንሥቼ ነበር፤ አባታችን ነፍሱን ይማረውና የሚያስጽፈው ደብዳቤ ሁሉ በዚያ ነበር የሚጀምረው። ዛሬ እንደዚያ ብጽፍ ግን ውሸት ይሆንብኛል። ከናፍቆትሽ ሌላም ነገር አለ። እማ ታማብናለች። አትደንግጪ፤ ይህን ስጽፍልሽ ደጅ ፀሐይ እየሞቀች ምስር ትለቅማለች፤ ከዚህ ሆኜ ይታየኛል። ግን ታማለች፤ ከታመመችም ሦስት ክረምት አለፋት። ለአንቺ እንዳንነግርሽ በማርያም አስምላን ነው ዝም ያልነው።

ስልክ እያለ ደብዳቤ ምን አመጣው ትዪኝ ይሆናል። አንቺ እሑድ እሑድ ስትደውዪ ስልኩ ድምፁ ከፍ ብሎ እማ ጭን ላይ ነው የሚቀመጠው። እኔ ላወራሽ ስወስደው እንኳ ከጎኔ ንቅንቅ አትልም። በሥራ ቀን ልደውልልሽ ብል ማዳምሽ ስልክ አታስነካሽም፤ ኔትወርኩም እንደ ልቡ ነው፤ ሲያሻው ሳምንት ይጠፋል። የሮብ ገበያው የባለሱቁ ልጅ ወንጌላዊት ለሥራ ወደ አማን ልትሄድ ነው ሲሉኝ፣ ከመቶ ስልክ እሷ ትሻለኛለች ብዬ ወረቀትና ብዕር ገዛሁ። ቅዳሜ ትነሣለች። ይህንንና ትንሽ በሶ በእጅሽ ትሰጥሻለች። በሶውን ከዘንድሮው ገብስ ነው ያዘጋጀነው፤ ለማዳምሽ እንዳታቀምሺያት፣ ለራስሽ ብይው።

ባለፈው እሑድ እማ ሦስት ቃል ተናግራ ስልኩን ለእኔ ስትሰጠኝ፣ አንቺ ድምፅሽን ዝቅ አድርገሽ እማ ተቀይማኛለች ወይ፣ ምን አጠፋሁ ብለሽ ጠየቅሽኝ። እሷም ሰማችሽ። እጄን ቆንጥጣ ያዘችኝና በዓይኗ «የለም በላት» አለችኝ፤ እኔም የለም አልኩሽ። እንዳላመንሽኝ ገብቶኛል። ሳምንቱን ሙሉ ያ ድምፅሽ ከጆሮዬ አልወጣ ብሎኝ ሰነበተ።

እታለም፣ እማ አልተቀየመችሽም። ትንፋሽ አጥሯት ነው። እሑድ ጠዋት ከተነሣች ጀምራ ከማንም ጋር አታወራም፤ አንቺ እስክትደውዪ ትንፋሿን ትቆጥባለች። ሰዓቱ ሲደርስ ማር በሙቅ ውሃ በጥብጣ ትጠጣለች። ከዚያ ስልኩ ሲጮህ «ልጄ፣ ደህና ነሽ? እኔ ደህና ነኝ፤ በይ ክንዴን እንኪው» ትልና ሳሉ ሳይቀድማት ወደ ጓሮ ትወጣለች። አጥሩን ይዛ ጎንበስ ብላ ታስላለች። እኔ ይኼኔ ስለ ዝናቡና ስለ በሬው እየጮህኩ የማወራሽ ሳሉ እንዳይሰማሽ ነው። በአገራችን ሳል ይዞ ስርቆት፣ ቂም ይዞ ጸሎት አይሆንም ይባል የለ? እኛ ግን ይኸው ሦስት ዓመት ሙሉ ሳል ይዘን ሰረቅንሽ። ይቅር በይን።

ሲጀምራት ሁላችንም ብርድ ነው አልን። ማን ሌላ ያስባል? ቾቄ ሥር ሆኖ ያሳለ ሰው ሁሉ ብርድ መትቶት ነው። ፌጦ ጠጣች፣ ነጭ ሽንኩርት በላች፣ ጸበል ተጠመቀች። እኔም ልጇ ነኝና የአቅሜን ልርዳ ብዬ፣ ሰኔ በገባ ቁጥር ጭቃና ጭድ አቡክቼ በግድግዳውና አንቺ በላክሽው ብር ባሠራነው ቆርቆሮ መሃል ያለውን ክፍተት ዙሪያውን ለሰንኩት፤ ንፋስ መግቢያ እንዳያገኝ። መስኮቷንም ከውስጥ በማዳበሪያ ጆንያ ወተፍናት። እማ ደግሞ መደቧን ወደ ምድጃው አስጠጋች። ሳሉ ሲብስባት ይበልጥ ደፈንኩ፤ ይበልጥ ስደፍን ይበልጥ አሳላት። ሦስት ዓመት በዚህ ኖርን፤ አንድም ቀን ቆም ብዬ አላሰብኩም።

ያቺ ሮብ ገበያ ደርሳ ስትመለስ ሌላው ገና መንገድ የሚጀምር እናታችን፣ አሁን ቤተ ክርስቲያን ዳገቱን አትወጣም። ዐቢይ ጾም ላይ ሦስት ቦታ ዐርፋ ነበር የምትደርስ፤ አሁን እሱም ቀረ። እሑድ ደወሉ ሲሰማ ደጅ ቆማ ወደዚያ ዞራ ትሳለማለች። ለሚጠይቃት ሁሉ «ልጄ ጌታ በተጠመቀበት አገር ስላለች እሷ ለእኔም ትሳለምልኛለች» ትላለች። አንቺ ከፎቅ ቤት እንደማትወጪ፣ ወንዙንም አይተሽው እንደማታውቂ ነግሬያት ነበር። «እሷ ባታየው እሱ ያያታል» አለችኝ።

ባለፈው ነሐሴ፣ ፍልሰታ ሊፈታ ሦስት ቀን ሲቀረው፣ ከንፈሯ ጠቆረ፤ አንድ ቃል ጀምራ መጨረስ አቃታት። በቃሬዛ ሮብ ገበያ አወረድናት። መንገዱ ተዘግቶ ሰንብቶ እግዜር ሲረዳን የዚያን ቀን ተከፍቶ ነበርና መኪና አግኝተን ደብረ ማርቆስ ሆስፒታል ገባች። አይናለም አስታማሚ ሆና አብራት ቀረች። እኔ ከብቱ አለ፣ ልጅቷ አለች፣ ተመለስኩ።

እንግዲህ ሳቂብኝ። ወንድምሽ ክንዴ፣ አባ ወራው፣ ዐሥራ አንድ ቀን ማጀት ገባ። እንጀራውን የጎረቤት ሴቶች አመጡልኝ፤ እግዜር ይስጣቸው። ወጡንና ድንቹን ግን ማን ይሥራልኝ? አመተ ሥላሴ ገና ሁለት ዓመት ከመንፈቋ ናት፤ ሲርባት አባቴ ወንድ ነው ብላ አትታገሥም። የመጀመሪያ ቀን የሠራሁትን ሽሮ ውሻው አሽትቶ ተመልሷል። ሰው እንዳያየኝ ደግሞ በሩን ከውስጥ እቀረቅር ነበር። ክንዴ ወጥ ይሠራል ቢባል መንደሩ የሚያወጣልኝን ስም አንቺም ታውቂዋለሽ። ልጅቷን ጉልበቴ ላይ አስቀምጬ፣ በሩን ዘግቼ፣ እፍ ስል እውላለሁ።

ነሐሴ ነው፤ ኩበቱ ርጥብ፣ የባህር ዛፉ ጭራሮ ርጥብ። እፍ ባልኩት ቁጥር ጭሱ እንጂ እሳቱ አይመጣም። ዓይኔ በርበሬ መሰለ፤ ደረቴ ተወጠረ፤ ራሴን አዞረኝ። ያን ጊዜ አንድ ነገር ትዝ ብሎኝ ብቻዬን አፈርኩ። ዕድሜዬን ሙሉ ከዚያ ጭስ ውስጥ የወጣ ወጥ ሲቀርብልኝ «ጨው አነሰው» ስል ኖሬአለሁ። እማ አንድ ቀን እንኳ ዓይኔን አቃጠለኝ ብላ አታውቅም። አይናለምም አላለችኝም። እኔም አልጠየቅኳቸውም።

በሦስተኛው ቀን ይመስለኛል ትንፋሼን ልሰበስብ ወጣሁና ከበረቱ አጠገብ ቆሜ ቤታችንን ዞር ብዬ አየሁት። ከታች የአናጢው የጎረቤታችን የእንዳላማው ሣር ቤት ከክዳኑ ሁሉ ጭስ ይተናል፤ ድሮ የእኛም እንዲያ ነበር። አሁን የእኛ ቆርቆሮ ንጹሕ ነው፤ ዝናብ አጥቦት ያበራል፤ የጭስ ምልክት የለበትም። ውስጡ ግን ከምድጃው ሆኜ በሩን አላይም ነበር። እዪ እንግዲህ የሰው ልጅ ሞኝነት፤ ነገሩ ሊገባኝ ሲገባ፣ እኔ ቤታችን ከመንደሩ ሁሉ አምሮ ታየኝና ኮራሁ።

በሰባተኛው ቀን አመተ ሥላሴ ትኩሳት ያዛት። ስትተነፍስ ጎኗ ወደ ውስጥ ስርጉድ ይላል። አዝዬ ወደ ጤና ኬላው ሮጥኩ፤ ወንድ አዝሎ አየሁ ይበል መንደሩ፤ ያን ቀን ግድም አልሰጠኝ። የጤና ኤክስቴንሽን ሠራተኛዋ ዘሪቱ ልጅቷን ጭኔ ላይ አስቀምጣ፣ ሰዓት ይዛ ትንፋሿን ቆጠረችና የሳንባ ምች ነው አለችኝ። መድኃኒቱን እዚያው አስጀመረችልኝ፤ ማታ መጥቼ አያታለሁ ብላም በቃሏ መጣች።

ስትመጣ በሩን ዘግቼ ድንች እየቀቀልኩ ነበር። ስከፍትላት ጭሱ ፊቷን መታትና ወደ ኋላ አለች። እኔ ወጥ ስሠራ ደረሰችብኝ ብዬ ማፈሬ ነው፤ እሷ ግን አልሳቀችም። ገብታ ቀና ብላ ጣራውን አየች፤ ማገሩ ጥላሸት ጠጥቶ ጠቁሯል። በግድግዳውና በቆርቆሮው መጋጠሚያ እጇን እየላከች ዞረችና ይህን ማን ለሰነው አለችኝ። እኔ ነኝ አልኩ፤ እንዲያውም በኩራት፤ ሥራዬን የምታደንቅ መስሎኝ። ለምን ስትለኝ፣ እማን ስለሚያስላት ብርድ እንዳይገባባት አልኳት። «ክንዴ፣ ብርዱን አይደለም ደጅ ያስቀረኸው፤ ጭሱን ነው እናትህ ላይ የቆለፍክባት» አለችኝ።

ቁጭ ብላ አስረዳችኝ። ሣር ክዳን ጭስ ያሳልፋል፤ ቆርቆሮ አያሳልፍም። ቆርቆሮ ባለበት ጭሱ የሚወጣው በዚያ በክፍተቱ ነበር፤ እሱን እኔ በየዓመቱ ጭቃ አጎረስኩት። ስለዚህ ጭሱ ጣራ ደርሶ ይመለስና በሚተነፍሰው ሰው ሳንባ ይገባል፤ ከሁሉ በላይ ከምድጃ በማይለየው፣ በአሮጊትና በሕፃን። ልጅቷ በአምስተኛው ቀን ድና ዶሮ ማባረር ጀመረች፤ ተመስገን። እኔ ግን ጭቃ ባየሁ ቁጥር እስካሁን ዞሬ አልፋለሁ።

አይናለምና እማ ሲመለሱ የሐኪሙም ነገር ያው ሆኖ ተገኘ። ሐኪሙ ወጣት ልጅ ነው አሉ። ደረቷን አዳምጦ፣ ፎቶ አስነሥቶ፣ «እናቴ፣ ሲጋራ ስንት ዓመት አጨሱ?» ብሎ ይጠይቃታል። እማ ነጠላዋን አጣፍታ ተነሣችና አይናለምን እንሂድ፣ ይህ ልጅ ሰድቦኛል አለቻት። ልጁ እግሯ ላይ ሊወድቅ ምንም አልቀረው። ይቅርታ ጠይቆ አስቀመጣትና ሳንባዋ የአጫሽ ሳንባ እንደሚመስል፣ ያጨሰችው ግን ኩበትና እንጨት እንደሆነ፣ የተጎዳው እንደማይመለስ፣ የቀረው ግን ከጭስ ከራቀች እንደሚያኖራት ነገራት። የሚማግ መድኃኒትም ሰጣት፤ እማ «ይህ ጡሩንባ» ትለዋለች፣ ካልተለመነች አትምገውም። ሐኪሙ አይናለምን ደግሞ ለብቻዋ ጠርቶ፣ እንዲህ ሆና ሁለተኛ ከመጣች ልመልስላችሁ አልችልም አላት። ይህን እማ አልሰማችም። ለአንቺ ግን መስማት ያለብሽ ስለሆነ ጻፍኩልሽ።

እኔም የለሰንኩትን በማግስቱ በዶማ አፈረስኩት። እማ ለእሱ ምንም አላለችኝ፤ ጭቃው የእኔ ነዋ። ግን የክረምቱ ብርድ ሲገባባት ክፍተቱን በጨርቅ እየወተፈች አስቸገረችን፤ እውነቷንም ነው፣ ኅዳር ውርጩ ሲመጣ ደግሞ ባለ ቀዳዳ ቤት ለጤነኛውም አይሆን። ማድቤት ለብቻ ብንሠራ እሳቱ ሲለያት በብርድ ትኮማተራለች። ዘሪቱና እንዳላማው መክረው ያገኙት መላ ምድጃውን ወደ ጥግ አስጠግቶ፣ በላዩ ቆርቆሮውን በስቶ፣ የጭስ መውጫ ቱቦ ማቆም ነው። እሳቱ ከእሷው ጋር ይሆናል፤ ጭሱ ግን ወደ ላይ ይሄዳል። የግማሽ ቀን ሥራ ነው። ቱቦውም ተሠርቶ በረት ውስጥ ተጋድሟል፤ ዶሮ ልትታቀፍበት እየዞረችው ነው።

የመስቀል ማግስት እንዳላማው መሰላሉንና የቆርቆሮ መቀሱን ይዞ መጣ። እማ ደጅ ተቀምጣ ታየው ነበር። ለምን እንደመጣ የገባት መሰላሉን ከቤታችን አስጠግቶ መውጣት ሲጀምር ነው። ተነሣችና፣ ያን ሁሉ ሳል ይዛ፣ የመሰላሉን እግር በሁለት እጇ ጨበጠች። «እንዳላማው፣ ውረድ። ይህ ቆርቆሮ አይደለም፤ ልጄ ናት። ልጄን አላስበሳም» አለችው። እንዳላማው ዓይኑን መሬት ላይ ጥሎ ወረደ። ከዚያ ቀን ወዲህ መሰላሉ ጠፍቷል፤ የት እንደደበቀችው እስከዛሬ አላገኘነውም።

ለምኛታለሁ። አይናለም ለምናታለች። ለሕፃኗ ስትዪ ብላት «ለሕፃኗ እኔ በረት ልደር» አለችኝ፤ ቀልዷን እንዳይመስልሽ፣ ቁርበቷን ይዛ ወጥታ አስመልሰናታል። አንድ ነገር ልንገርሽ። ሣር ቤት ሳለን ዝናብ ሲዘንብ አይሰማም ነበር፤ የሚሰማው ጠፈጠፉ ነበር። ቆርቆሮው ከተሠራ ወዲህ ዝናብ ሲመጣ ጣራው ይጮሃል። ያኔ እማ ሁላችንንም ዝም ታሰኘናለች። «ሥራነሽ እያወራችኝ ነው» ትላለች። ክረምቱን ሙሉ፣ ዝናቡ እስኪያባራ፣ እጇን ጉንጯ ላይ አድርጋ ታዳምጥሻለች። አንዴ ምን አለችሽ ብዬ ላሾፍባት ሞከርኩ። «ራስሽን ከዝናብ አስጠልዬሻለሁ አለችኝ» ብላ መለሰችልኝ።

ባለፈው ሳምንት ግን መረረኝና ተቆጣኋት፤ እግዜር ይቅር ይበለኝ እናቴን ተቆጣሁ። ታዲያ ምን ይሁን፣ እያየንሽ ሙቺ ወይ አልኳት። ፊቷን ወደ እሳቱ አዙራ «እሷ መጥታ በገዛ እጇ ትብሳው» አለችኝ። ያን ጊዜ ሁሉ ነገር ገባኝ። ለካ ለቆርቆሮው አይደለም። ካልበሳነው አንቺ ትመጪያለሽ ብላ ነው። ቀዳዳውን አንቺን መጥሪያ አድርጋ ይዛዋለች።

እንደማትመጪ አውቃለሁ። ፓስፖርትሽ ማዳምሽ እጅ ነው፤ ኮንትራትሽ ገና ዓመት ከስምንት ወር ይቀረዋል፤ አቋርጠሽ ብትወጪ የሚደርስብሽን ሰምተናል። ስለዚህ ነይ አልልሽም። አፌ አይልሽም እንጂ ሆዴማ ሰባት ዓመት ሙሉ ነይ እያለ ነው። አሁን ገብስ እያጨድን ነው። ከኋላዬ እየመጣሽ ያመለጠኝን ዘለላ እየለቀምሽ የምትሰድቢኝ ይመስለኝና ዞር እላለሁ፤ ማንም የለም። ከሄድሽ ወዲህ በዚህ ቤት እኔን በደንብ የሚሰድበኝ ሰው ጠፍቷል፤ አይናለም ጨዋ ናት፣ አልቻለችበትም። እማ ብቻ የናፈቀችሽ እንዳይመስልሽ።

ደግሞ አደራ፣ በላኩት ብር እናቴን አሳመምኳት እንዳትዪ። እንደዚያ ብለሽ እንደምታለቅሺ ስለማውቅ ነው ይህን ደብዳቤ ሦስት ጊዜ ቀድጄ የጻፍኩት። አንቺ ስትሄዪ እማ በዝናብ ስድስት ቦታ መደብ ስትለውጥ አይተሽ ነው የሄድሽው። ከዚያ ወዲህ አንድ ጠብታ አልነካትም። ጣራው ጥፋት የለበትም። የደፈንኩት እኔ ነኝ፤ እኔም ብሆን ወድጃት ነው። ሁለታችንም ወደድናት፤ ጭሱን ያሰበ ግን አልነበረም።

አሁን የምለምንሽ አንድ ነገር ብቻ ነው። ይህ በደረሰሽ እሑድ ስትደውዪ፣ ከሰላምታሽ ቀጥለሽ «እማ፣ ቆርቆሮው ይበሳ» በያት። በእኔ በኩል አይሁን፤ ለእሷ ንገሪያት፤ ስልኩ ጭኗ ላይ ነው። ሳሏን እንደምታውቂም ንገሪያት፤ ቆጥባ የምታወራሽ ነገር ይብቃት፤ ብታስልም አስላ ታውራሽ። መቼ ትመጫለሽ ብትልሽ አልመጣም አትበያት፤ መጣሁ ብለሽም አትዋሻት፤ የሚቀርሽን ወር እውነቱን ቁጠሪላት። ዝም ካለችሽ ደግሞ ስልኩን አትዝጊ። ተቀይማሽ አይደለም፤ ትንፋሿን እየፈለገች ነውና ጠብቂያት።

ሌላው ወሬ ደህና ነው። ዘንድሮ ገብሱ ሰጥቷል፤ ድንቹን ዋግ ትንሽ ነካው። ቀይዋ ላም ወይፈን ወለደች። እኔም ማጀት መግባቴን መንደሩ ሰምቶ ስም አውጥቶልኛል፤ ስሙን አልጽፍልሽም፣ ወንጌላዊትን ጠይቂያት፣ እየሳቀች ትነግርሻለች። አሁን ግን በሩን ከፍቼ ነው የምሠራው። አይናለም ልጅቷን ይዛ ደጅ ስትቀመጥ እኔ እሳቱን እለኩሳለሁ፤ ሽሮዬንም ውሻው መብላት ጀምሯል።

አይናለም እጅ ነሥታ ሰላም ትልሻለች፤ እማን ሆስፒታል ስታስታምም ወንበር ላይ ተኝታ አንድ ቀን እንኳ አልተማረረችምና ስትደውዪ አመስግኚልኝ። አመተ ሥላሴ ጉልበትሽን ትስማለች። አክስትሽ የት ናት ስትባል ወደ ስልኩ ታመለክታለች፤ እዚያ ውስጥ የምትኖሪ ነው የሚመስላት። እንዳላማው ሰላም ብሎሻል፤ መቀሱን ስሎ ቃልሽን ይጠብቃል። ዘሪቱም አታውቅሽም፣ ግን ሰላም በልልኝ ብላኛለች፤ የምጽፍልሽን ያውቁ የነበሩት እሷ፣ አይናለምና እንዳላማው ብቻ ነበሩ።

የእማን ሰላምታ ልቀበል አሁን ወደ ደጅ ወጥቼ ነበር። ለሥራነሽ እየጻፍኩ ነው፣ ምን ልበልልሽ አልኳት። እንደ ልማዷ ደህና ናት በላት ትለኛለች ብዬ ብዕሬን ይዤ ቆምኩ። የምትለቅመውን ምስር ሰፌዱ ላይ ትታ ወደ እኔ ዞረች። ከዚያ «ማሳሌን ጻፍላት» አለችኝ። «ትወቀው። ከእሷ መደበቁ ከሳሉ ይልቅ አደከመኝ። ይበሳ ካለችም ይበሳ። የሚቆረጠውን ግን እንዳትጥሉት፣ ለእኔ ስጡኝ፤ እስክትመጣ ራስጌዬ አኖረዋለሁ።»

ወንድምሽ ክንዴ

ከሮብ ገበያ በላይ፣ ስናን
ሐሙስ ኅዳር ፲፩ ቀን ፳፻፲፰ ዓ.ም.